ጉድጓዱ በጠበበ ቁጥር

ስሟን ባንችይርጋ ያሏት አባቷ ናቸው፤ ቤታቸው በእሷ እንዲረጋ ተመኝተው ነበር። መመኘት አይከለከልም። እኔ ግን ያቺ ልጅ የገባችበት ቦታ ሲረጋ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛ ክፍል እያለን መምህሩ «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» ሲሉ እጇን አውጥታ «እሷ ናት የምትወጣው ወይስ እኛ ነን የምንዞረው?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱም በአለንጋ ተሰጣት። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና ሰምቼ አይደለም የማወራው። አለነ እባላለሁ፤ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ቁጡ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

እኔ ላሊበላ ቀረሁ፤ እሷ ወልድያ፣ ከወልድያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሌኒንግራድ ደረሰች። በደርግ ጊዜ ልጆች በአውሮፕላን እየተጫኑ ወደ ሶቪየት ይላኩ ነበር፤ አብዛኛው ሐኪም ወይም ካድሬ ሆኖ ይመለሳል። ባንችይርጋ ግን ብርሃን ልታጠና ገባች። ምን ዓይነት ብርሃን ብትሉኝ፣ ሌዘር የሚባለውን፤ እንደ ኩራዝ በየአቅጣጫው የማይበተን፣ በአንድ ቀለም በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ የሚሄድ። ያንን ብርሃን ሴሚኮንዳክተር በሚባል ነገር ላይ ትለቅበታለች። ሴሚኮንዳክተር እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን ዝም ብሎ የማያሳልፍ፣ እንደ ድንጋይም ጨርሶ የማይከለክል፣ በየሬዲዮናችን ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ብርሃኑ ያረፈበት ነገር መልሶ የራሱን ብርሃን ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ ያንን ቀለም በቀለም ተርትራ ታነበዋለች። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ አንድን ነገር ሳይሰብሩት በብርሃን ጠይቆ መልሱን ማንበብ።

ተመርቃ በ1979 ዓ.ም. ስትመለስ አዲስ አበባ ላይ ደህና ቦታ ተዘጋጅቶላት ነበር። «መጀመሪያ ለፓርቲው አባልነት አመልክቺ» ተባለች። «እኔ የምለካው ነገር የማንም አባል አይደለም፤ እኔም አልሆንም» አለቻቸው። እንግዲያው ትውልድ አገርሽ ገብተሽ አስተምሪ ብለው ላኳት። ቅጣት መሆኑ ነው፤ ሌዘር ወደሌለበት፣ መብራትም ከሆቴሉ ጄኔሬተር በቀር ወደማይታወቅበት አገር። እዚህ መኖር ቅጣት መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ከጭነት መኪናው ላይ ስትወርድ የለበሰችው የወንድ ካፖርት ነው። በቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ መጻሕፍት ነበሩ፤ በካልሲ ተጠቅልለው ደግሞ ሦስት ቁራጭ መስታወቶች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ብጫ።

«ከዚያ ሁሉ አገር ያመጣሽው ይኸን ብቻ ነው?» አልኳት።

«ሌላው እዚህ ነው» ብላ ግንባሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

በማግስቱ ማስተማር ጀመረች። የክፍሉን መስኮት በጆንያ ጋርዳ አንዲት ቀዳዳ ትተዋለች። በቀዳዳዋ የምትገባውን ፀሐይ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ሰብራ ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ታወጣለች። ልጆቹ ሲንጫጩ «ጩኸት አይደለም የጠየቅኳችሁ፤ አንብቡት!» ትላለች። አጠገብ ክፍል ሆኜ ስለ ተሳቢና ባለቤት የማስተምረው እኔ፣ ተማሪዎቼ ጆሯቸውን ወደ እሷ ግድግዳ አስጠግተው ያስቸግሩኝ ነበር። ቀናሁባት፤ ለምን እዋሻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባም። ከእህል መጋዘኑ ጀርባ አለቱ ውስጥ የተፈለፈለ የድሮ የማሽላ ጉድጓድ ነበር። ድርቁ እህሉን ከጨረሰ ወዲህ የአካባቢው ሹሞች ሰው ያስቀምጡበት ጀመር። አባስ የሚባል ጨው ነጋዴ ከሙጃ ገበያ ሲመለስ «ለወንበዴ ሸጠሃል» ተብሎ ተያዘ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሚስቱ ጀውሀራ በየቢሮው እየዞረች ስትጠይቅ «እኛ ዘንድ የለም» ይሏታል። ከተማው ሁሉ ይጠረጥራል፤ ጉድጓዱን በስሙ የሚጠራ ግን አልነበረም። ሰው ሲጠፋ «እዚያ ይሆናል» ይባላል፤ በቃ። አብያተ ክርስቲያናቱ በጉድጓድ ውስጥ በቆሙበት አገር ሰው ጉድጓድ የሚለውን ቃል መፍራት ጀመረ። ባንችይርጋ አዲስ ገቢ ናት፤ አልሰማችም። ደግሞስ እንዲህ ያለውን ምስጢር ለእሷ አፍ ማን አምኖ ይነግራል?

የፓርቲው ካድሬ ጓድ አራጋው የሰፈራችን ልጅ ነው። ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ ስብሰባ ነው ያበላሸው። መምህሩን፣ ካህኑን፣ ነጋዴውን በየሳምንቱ ለውይይት ክበብ ይሰበስባል፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። አንድ እሁድ «ዛሬ ከሶቪየት የተመለሰችው ጓድ ባንችይርጋ ስለ ሶሻሊስት ሳይንስ ግስጋሴ ታስረዳናለች» አለና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንጎላጀት ጀመረ።

ባንችይርጋ ስለ ግስጋሴ አንድ ቃል አልተናገረችም። መስታወቶቹን ከካልሲው አውጥታ በመስኮቱ በምትገባው ፀሐይ ላይ አነሳቻቸው።

«ሦስቱም አንድ ናቸው» አለች። «የተጨመረባቸው ቅመም አንድ ነው፤ የሚለያዩት እሳት ላይ በቆዩበት ጊዜ ነው። ውስጣቸው በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። በየጉድጓዱ ኤሌክትሮን ታስሯል። እስረኛ ነው፤ መውጣት አይችልም። ብርሃን ሲመታው ግን ይዘላል፤ ተመልሶ ሲወድቅ የራሱን ብርሃን ይሰጣል።» ቀዩን ከፍ አደረገች፤ «እዚህ ጉድጓዱ ሰፊ ነው።» ብጫውን ከፍ አደረገች፤ «እዚህ ጠባብ ነው። አስተውሉ፤ ጉድጓዱ በጠበበ ቁጥር ብርሃኑ ይበረታል።»

እኛ ደግሞ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? በሰምና ወርቅ ያደግን፣ አንድ ሰው «ዝናብ መጣ» ቢለን ማንን ሊሰድብ ነው ብለን የምናስብ ሰዎች። ያውም ከፊት የተቀመጡት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው፣ ጥሩ ቅኔ ሲሰማ እንደሚባለው፣

«ይበል!» አሉ።

ካህናቱ ተከተሏቸው። «ይበል! ይበል!» ነጋዴው አጨበጨበ። ባንችይርጋ ሳይንስ እንዲህ መወደዱ ገርሟት በደስታ ትስቅ ነበር። አራጋው ከእንቅልፉ ባንኖ «ምን አለች?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ። ሰውየው በጆሮው ነገረው። የአራጋው ፊት ሲጠቁር ከተቀመጥኩበት አየሁት።

በማግስቱ ቢሮው ጠራት። «በሚመጣው እሁድ ሕዝቡ ፊት ቆመሽ የተናገርሽው ስህተት መሆኑን ትናገሪያለሽ። ካመንሽ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ፤ አላምንም ካልሽ ትታሰሪያለሽ» አላት። ከዚያ በቀጥታ የመጣችው እኔ ጋ ነው፤ ተቆጥታለች።

«አለነ፣ ይኼ ሰው ፊዚክስ ተምሯል እንዴ?»

«የት ተምሮ!»

«ታዲያ ስህተት ነው የሚለኝ ምን ይዞ ነው? ‹ይበረታል› ያልኩት ከሆነ ያሳሳተው፣ ይደምቃል ማለቴ አይደለም። እያንዳንዷ የብርሃን ቅንጣት የምትይዘው ጉልበት ይጨምራል ማለቴ ነው። እሱ ከሆነ የከበደው በሥዕል አስረዳዋለሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁም በላይ ግን አዘንኩላት። «እሱ ሰሙን አይደለም የፈራው፤ ወርቁን ነው» አልኳት።

«የምን ወርቅ? የእኔ ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ፖለቲካችሁን አታምጡብኝ!» ብላ ንግግሬን ሳታስጨርሰኝ በሩን ደርግማው ወጣች።

እናቷ እማማ ይማርሽ ሳምንቱን ሙሉ ለመኗት። «አንቺ ልጅ፣ አንዲት ቃል አይደለችም? ዋጪያትና ተገላገይ። ሕዝቡ ፊት ቆመሽ ተሳስቻለሁ ብትይ ፀሐይቱ አትጠልቅ!»

«እማዬ፣ ተሳስቼ ከሆነ በመለኪያ ያሳዩኝ፤ ያን ጊዜ አደባባይ ወጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለፈራሁ ግን ተሳስቻለሁ አልልም። ያን ቃል የለካሁት እኔ ነኝ፤ ብርዱ ጣቴን እያደነዘዘው የለካሁት እኔ ነኝ። እኔ ከካድኩት ማን ይመሰክርለታል?»

እማማ ይማርሽ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። «ባንቺ ይርጋ ባልናት!» አሉኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አራጋው ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ባንችይርጋ ባለፈው ሳምንት በእስረኛና በጉድጓድ አሳብባ አብዮቱን ነክታለች። ዛሬ ስህተቷን ታምናለች።»

«የትኛው እስረኛ?» አለች ባንችይርጋ ብድግ ብላ። «እኔ የተናገርኩት ስለ ኤሌክትሮን ነው።»

«ተይ እንጂ! የትኛውን ጉድጓድ እንዳልሽ ሁሉም ያውቃል።»

«እኔ አላውቅም። ሌላ ጉድጓድ አለ እንዴ? የት ነው ያለው?»

አሽሙር አልነበረም። ዓይኗን አይቼዋለሁ፤ ያኔ ስለ ፀሐይ እንደጠየቀችው ነው የጠየቀችው። አራጋው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። አለ ቢል፣ የለም ሲባል የኖረው ጉድጓድ ሊኖር ነው። የለም ቢል፣ ክሱ ራሱ የለም። ወደ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ዞረ።

«የኔታ፣ ባለፈው ‹ይበል› ያሉት እርስዎ ነዎት። ወርቁን ይፍቱልን።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። «ጓድ አራጋው፣ ሰሙ የመስታወቱ ጉድጓድ ነው፤ ልጅቱ አሳይታናለች። ወርቁን እንድፈታ ሁለተኛ ጉድጓድ ያስፈልገኛል። አንተ ካለህ አምጣና ልፍታው። ከሌለህ የልጅቱ ነገር ሰም ብቻ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ያቺ ሳቅ ነች ጉድ ያፈላችው። አራጋው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ አታውቁም? ሁላችሁም ታውቃላችሁ! ማን ማን እንዳለበትም ታውቃላችሁ!»

አለው። በገዛ አፉ፣ በከተማው ሁሉ ፊት አለው። ሚሊሻዎቹ እንኳ እርስ በርስ ተያዩ። ጀውሀራ ከሴቶቹ መሃል ቆመች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ወላሂ እኔ አላውቅም ነበር ጓድ። በሄድኩበት ሁሉ ‹የለም› ነው የምትሉኝ። አባስ እዚያ ነው ማለት ነዋ?»

መልሱማ ተሰጥቷል።

ባንችይርጋ መጀመሪያ ጀውሀራን፣ ከዚያ የኔታን፣ ከዚያ እኔን አየች። ሰው ለምን እንዳጨበጨበላት ያኔ ነው የገባት። አራጋውም የተናገረውን መልሶ ለመሸፈን ቸኩሎ «በቃ! ስህተት ነው በይና ተቀመጪ!» አላት። ድምፁ ልመና ነበረበት። አሁን ብትለው ኖሮ ማንም አይፈርድባትም፤ እኔ ራሴ በልቤ በይው፣ በይው እያልኩ ነበር።

«እስካሁን የማወራው ስለ መስታወት ብቻ ነበር» አለች። «አሁን ሌላ ጉድጓድ እንዳለ አንተ ነገርከኝ። ልኬቱ ግን አልተለወጠም። ጉድጓዱ በጠበበ ቁጥር ብርሃኑ ይበረታል።»

በዚህኛው ጊዜ «ይበል» ያለ የለም። ጠመንጃ በሩ ላይ ቆሟል። ቃሉ በየጉሮሯችን ተሰንቅሮ ቀረ።

«እንግዲያው ገብተሽ ለኪው» አላት አራጋው፤ ወሰዷት።

እዚያ ስላየችው ብዙ አላወራችኝም። ከአባስ ጋር ጥቂት ወንዶች ነበሩ። እሷ ስትወርድ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ አንዱ ጋቢውን አውልቆ ጥጉን እንደ መጋረጃ ከለለላት። «ቁንጫውን ጠይቀኝ፤ ሌላውን አትጠይቀኝ» ነው ያለችኝ። አልጠየቅኳትም። ስትስል የምሰማው ሳል ግን ከዚያ ያመጣችው ነው፤ ይህንንም ያደረጉትን ሰዎች እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም፤ አልልምም።

በማግስቱ የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ጀውሀራ በጠራራ ፀሐይ ምግብ በአገልግል ይዛ በገበያው መሃል ለመሃል መጣች። ሚሊሻው «ወዴት ነው?» ሲላት ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣

«ጓድ አራጋው ወዳለው ጉድጓድ!» አለችው።

ሚሊሻው ምን ይበል? የለም እንዳይላት አለቃው በስብሰባ ላይ አለ ብሏል። አሳለፋት። በሚቀጥለው ቀን እማማ ይማርሽ ተከተሏት። ከዚያ የሌሎቹ ሚስቶችና እህቶች፣ ከዚያም ወሬው ደርሷቸው ከኩልመስክ የመጡ፣ ዘመዶቻቸው የት እንደገቡ ሳያውቁ የከረሙ ሴቶች። ሁሉም ወዴት ነው ሲባሉ አንድ መልስ ነው ያላቸው፤ ጓድ አራጋው ወዳለው ጉድጓድ። እንዲህ ልቤን ያራሰው ነገር አላየሁም። ያ ሁሉ ሴት በየቀኑ የሚመላለስበትን ቦታ የለም ማለት አይቻልም። ወሬው ደሴ ሲደርስ ከበላይ ትእዛዝ መጣና እስረኞቹን አውጥተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ አዛወሯቸው፤ በዚያ ቢያንስ ሰው ያያቸዋል። ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈኑት። አባስ ውሎ አድሮ ተፈታ፤ ጢሙ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው በጀውሀራ ትከሻ ተደግፎ ቤቱ ገባ።

የባንችይርጋን ክስ የሚጽፈው ሰው ጠፋ። እሷን ለመክሰስ ጉድጓዱ መጻፍ አለበት፤ ጉድጓዱ ከተጻፈ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሌላ የፊዚክስ አስተማሪም አልተገኘም። ክረምቱ ሳይገባ ለቀቋት። ክፍል ገብታ ጠመኔ አነሳችና «የት ነበርን?» አለች። ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈቻት። ካድሬው ቢሰማም ባይሰማም ግድ አልነበራትም። ፈተናም ውስጥ አስገባቻት፤ ጉድጓዱ ሲጠብ የሚወጣው ብርሃን ምን ይሆናል? ላስታ ውስጥ ያን መልስ ሳይጽፍ ከእሷ ክፍል የሚያልፍ ተማሪ የለም ማለት ነው። «ይኼማ ተንኮል ነው» ስላት «ትምህርት ነው» አለችኝ፤ እውነቷንም ነው።

የአራጋው ልጅ መነን ተማሪዋ ነበረች፤ ጎበዝ ልጅ። በዚያ ፈተና ላይ ግን «ይደክማል» ብላ ጻፈች። በዚያችው ጥያቄ የማለፊያው ነጥብ ጎደላትና ክፍል ልትደግም ሆነ። አራጋው ልጁን ይዞ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን መጣ። ወንበዴ የሚሏቸው ቀርበው ነበርና ያን ጊዜ «ጓድ» ብሎ የሚጠራው ሰው እየሳሳ ሄዷል፤ ሽጉጡ ግን ከወገቡ አልወረደም።

«ልጄን ጣልሻት» አላት።

«እኔ አልጣልኳትም፤ ስህተት ጻፈች። መነን፣ መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ክፍል ውስጥ ስትመልሺ ሰምቼሻለሁ። አሁን በቃልሽ ንገሪኝና አርምልሻለሁ።»

መነን አባቷን አየች። «ያን ነገር እንዳልለው ቤት ተከልክያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አባባ ካላለው እኔ አልለውም።»

ባንችይርጋ እጇን አጣምራ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። «እንግዲህ ሰማህ። አንተው ንገራት፤ ታውቀዋለህ።»

አራጋው እኛን መምህራኑን አንድ በአንድ አየን። ማንም ዓይኑን አልሰበረለትም። እጁ ከወገቡ ተነሥቶ የልጁ ትከሻ ላይ ዐረፈ። መሬት መሬቱን እያየ፣

«ጉድጓዱ በጠበበ ቁጥር» አለና ቆመ።

«ጨርሰው» አለችው።

«ብርሃኑ ይበረታል።»

ምን እንዳነሣኝ አላውቅም። ያን እሁድ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረው ቃል መሆን አለበት፤ ከወንበሬ ብድግ አልኩና በአራጋው ፊት፣ በልጁ ፊት፣ በዚያ ሽጉጥ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ይበል!» አልኩ።